«ዱላ» የሚለው ቃል ፍቺና አገልግሎት፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚያስተምሩ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ

1. መግቢያ

ዱላ ማለት ከእንጨት ተቆርጦ፣ ተልጦና ተስተካክሎ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። ይህ ፍቺ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ዱላ የያዘ ሰው ወደ እርሱ ሲመጣ ያየ ሕፃን ሊያውቀው የሚፈልገውን ነገር አይነግረውም። ሕፃኑ በቅድሚያ የሚጠይቀው ዱላው በማን እጅ እንዳለና ለምን እንደተያዘ ነው። እረኛው የያዘው ከብት ለመመለስ፣ አዛውንቱ የያዙት ለመደገፍ፣ ዘበኛው የያዘው ለመጠበቅ፣ አባ ገዳው የያዙት ለመምራት፣ ሯጩ የያዘው ደግሞ ለጓደኛው ለማቀበል ነው። የአገራችን ቋንቋዎች እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም አይጠሩም፤ እንደ ያዡና እንደ ሥራው ለየብቻ ስም ሰጥተዋቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዱላና በአቻዎቹ ስም ዙሪያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚገኙትን ዋና ዋና ልዩነቶች ማስረዳትና ልዩነቶቹ በትምህርት ሥራ ላይ ያላቸውን ጥቅም ማመልከት ነው። ለማስረጃነት የተመረጠው አካባቢ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዳማ፣ እንዲሁም ሞጆ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔን የመሳሰሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ናቸው። አካባቢው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ሕፃናት ሁለቱንም ቋንቋዎች በየዕለቱ ይሰማሉ። በገበያ አንዱን፣ በቤት ሌላውን፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ሁለቱንም የሚናገር ተማሪ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የአንድ ቃል ፍቺ በትክክል ካልተብራራለት ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ በትክክል ከተብራራለት ግን ሁለት ጊዜ ይማራል።

2. በአማርኛ ያሉት ስሞችና ልዩነታቸው

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ዱላ» ዕቃውንም ድርጊቱንም ያመለክታል። «ዱላ ያዘ» ስንል ስለ ዕቃው እንናገራለን። «ዱላ ቀመሰ» ወይም «ዱላ በዛበት» ስንል ግን ስለ መመታት መናገራችን ነው። «ዱላ ቀረሽ ክርክር» የሚባለው ሁሉ ነገር ተሟልቶለት መደባደብ ብቻ የቀረው ጭቅጭቅ ሲሆን፣ «ዱለኛ» የሚባለውም እጁ ለመማታት የሚፈጥን ሰው ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ቃሉ ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን ሲነገር የሰሚው አእምሮ በቅድሚያ የሚያመራው ወደ መምታት ነው።

«በትር» ከግዕዝ የመጣ ቃል ሲሆን በግዕዝ ብዙ ቁጥሩ «አብትር» ነው። በጽሑፍና በክብር አነጋገር ከዱላ ይልቅ የሚመረጠው ይህ ነው። ሲናበብ «በትረ» ይሆንና «በትረ መንግሥት»፣ «በትረ ሥልጣን»፣ «በትረ ሙሴ» እያልን እንጠቀምበታለን። ይሁን እንጂ በትርም ቢሆን ከመምታት ትርጉም ፈጽሞ የራቀ አይደለም፤ «የረኃብ በትር» እንደሚባለው አነጋገር በሕዝብ ላይ የሚወርድ መከራን ለመግለጽ ያገለግላል።

«ዘንግ» ረጅም፣ ቀጥ ያለና ቀጠን ያለ በትር ነው። ይህ ቃል በዘመናዊው ትምህርት ውስጥ አዲስ አገልግሎት አግኝቷል። በመልክዐ ምድር ትምህርት ምድር የምትሽከረከርበትን ምናባዊ መስመር «የምድር ዘንግ» እንላለን፤ በሒሳብ ትምህርትም የነጥብን ቦታ ለማመልከት የሚሠመሩት አግዳሚና ቋሚ መስመሮች «ዘንግ» ይባላሉ። ዘንግ ማለት ምን እንደሆነ ከእረኛ እጅ ያየ ተማሪ የምድርን ዘንግ ለመገንዘብ ግማሹን መንገድ ተጉዟል ለማለት ይቻላል።

«ምርኩዝ» ለመደገፊያ የሚያዝ በትር ነው። አቅመ ደካማ ሰው የሚተማመንበትን ልጁን «ምርኩዜ» ብሎ ሲጠራ በዚሁ ፍቺ ላይ ይቆማል። «ተመረኮዘ» የሚለው ግሥም ከዚሁ ጋር የተዛመደ ነው። «ጥናቱ በማስረጃ ላይ ተመርኩዞ የተዘጋጀ ነው» ብለን ስንጽፍ፣ ማስረጃ ለሐሳባችን ምርኩዝ ሆነልን ማለታችን ነው።

«ከዘራ» ጫፉ ቆልመም ያለና በአረማመድ ጊዜ የሚያዝ ነው፤ ከድጋፍነቱ ሌላ የዕድሜና የክብር ምልክት ሆኖ ያገለግላል። «ሽመል» ረጅም ሆኖ በትከሻ ላይ የሚጋደም ሲሆን በበዓልና በጭፈራ ጊዜ ከጎረምሶች እጅ አይለይም። «መቋሚያ» ስሙ እንደሚያመለክተው ለመቆም የሚረዳ ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ረጅም ሰዓት ለሚወስደው አገልግሎት መደገፊያ ከመሆኑም በላይ በዝማሜ ጊዜ ከከበሮና ከጸናጽል ጋር የዜማው መምሪያ ይሆናል። «ቆመጥ» አጭርና ወፍራም ሲሆን ዛሬ በአብዛኛው የሚታወቀው በፀጥታ አስከባሪ እጅ ነው። «ልምጭ» እርጥብና ቀጭን ቅርንጫፍ ነው፤ «አርጩሜ» ደግሞ ልጅ ለመቅጣት የሚቆረጠው ነው።

ከቄስ ትምህርት ቤት ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ሌላ ትንሽ ነገርም አለ። ይኸውም ፊደል ቆጣሪው ሕፃን ሆሄያቱን አንድ በአንድ የሚጠቁምበት ስንጥር ነው። ለመጠኑ ማነስ ስንል ከበትር ወገን ላንቆጥረው እንችላለን፤ ይሁን እንጂ በአገራችን የትምህርት ታሪክ በተማሪው በራሱ እጅ የተያዘው የመጀመሪያው መማሪያ መሣሪያ እርሱ ነው።

3. የውጭ ቃል ሲተረጎም የሚገጥም ችግር

በፈረንሳይኛ «ባቶን» የሚባለው ቃል መነሻው በኋለኛው ዘመን ላቲን «ባስቱም» የተባለውና በትርን የሚያመለክተው ቃል ነው። ከዚያም ወደ እንግሊዝኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተላልፏል። እኛ ለየብቻ የምንጠራቸውን ብዙ ነገሮች ይህ አንድ ቃል ይሸፍናቸዋል። የፖሊስ ቆመጥ፣ የጦር ማርሻል የማዕረግ በትር፣ የኦርኬስትራ መሪ የሚያወዛውዘው ቀጭን ዘንግ፣ ሯጮች የሚቀባበሉት ዱላ በእንግሊዝኛ ሁሉም «ባቶን» ይባላሉ።

በዚህ ምክንያት የመማሪያ መጽሐፍ ተርጓሚ ለአንዱ ቃል አንድ አቻ ብቻ መርጦ በሁሉም ቦታ «ዱላ» ብሎ ቢያሰፍር፣ ተማሪው የኦርኬስትራው መሪ ሙዚቀኞቹን ሊመታ ዱላ እንዳነሣ አድርጎ ቢረዳው ሊፈረድበት አይገባም። ለዚህ አገልግሎት «የሙዚቃ መሪ ዘንግ» ማለት ይሻላል። በነገራችን ላይ የዚህ ዘንግ ታሪክ ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ቀድሞ በአውሮፓ አንዳንድ የሙዚቃ መሪዎች ምቱን የሚጠብቁት በረጅም በትር ወለሉን እየመቱ ነበር። በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የነበረው ዣን ባፕቲስት ሉሊ በዚህ ዓይነት ሲመራ የራሱን እግር ወግቶ፣ ቁስሉ በመመርቀዙ እ.ኤ.አ. በ1687 ሞተ። ሳይመታ በአየር ላይ ብቻ የሚያመለክተው ቀላሉ ዘንግ በሰፊው የተለመደው ከዚያ በኋላ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው።

አዳማ የባቡር መስመር ከተማ እንደመሆኗ መጠን ሌላ ምሳሌ መጨመር ይቻላል። በእንግሊዝ አገር በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይጋጩ ለማድረግ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አንድ ቀላል ዘዴ ተሠራበት። ለእያንዳንዱ የመስመር ክፍል አንድ በትር ብቻ ይመደባል፤ ያንን በትር በእጁ ያልያዘ ነጂ ወደዚያ ክፍል መግባት አይፈቀድለትም። በትሩ አንድ ብቻ ስለሆነ በመስመሩ ላይ የሚገኘው ባቡርም አንድ ብቻ ይሆናል። የዚያ በትር አገልግሎት ተራን ማስከበር ነበር፤ ተራ በመከበሩም ሕይወት ይድናል።

4. በአፋን ኦሮሞ፦ ቦኩ፣ አለንጋና ባሊ

በአፋን ኦሮሞ በትር በጠቅላላው «ኡሌ» ይባላል። በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ ያለው ግን የየራሱ ስም አለው። ከእነዚህ ውስጥ ከፍተኛውን ስፍራ የያዘው በገዳ ሥርዓት የሥልጣን ምልክት የሆነው «ቦኩ» ነው። እንደሚታወቀው በገዳ ሥርዓት አንድ የገዳ ቡድን በሥልጣን ላይ የሚቆየው ለ8 ዓመት ነው። የገዳ ቡድኖቹ 5 በመሆናቸው ዙሩ አንድ ጊዜ ተሟልቶ የሚመለሰው በ40 ዓመት ነው። ጊዜው ሲደርስ ሥልጣኑ ለተከታዩ ቡድን በሥነ ሥርዓት ይተላለፋል። የሥልጣን ርክክቡ «ባሊ» በሚል ስም ይታወቃል፤ ይህም በቀጥታ ፍቺው ላባ ማለት ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለመምህሩ ጠቃሚ የሆነው ነጥብ ይህ ነው፦ ቦኩ በእጅ የሚያዝ ቢሆንም ማንም አይመታበትም። ኃይሉ የሚመነጨው ከሕጉና ከተረኛነቱ ነው። 8 ዓመት የሞላው መሪ ቦኩውን ከእጁ ካላወጣ የያዘው ነገር እንጨት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቦኩን የሚያስከብረው በያዡ እጅ መኖሩ ብቻ አይደለም፤ በተወሰነለት ጊዜ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ መተላለፉም ጭምር ነው።

«አለንጋ» የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋዎች ይገኛል፤ በአማርኛ መግረፊያ ነው። በአፋን ኦሮሞ ግን «አባ አለንጋ» የሚለው መጠሪያ በዘመናዊው የመንግሥት አሠራር ለዐቃቤ ሕግ የተሰጠ ስም ሆኗል። የመግረፊያው ስም ሕግን የማስፈጸም ኃላፊነት መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። በአዳማ የሚኖር ተማሪ ይህን ስም ከፍትሕ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ያነበዋል። መምህሩ ይህን ቢያስረዳ ስለ ቃላት የፍቺ ለውጥ ከማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ ምሳሌ የተሻለ ምሳሌ ሰጠ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያሳስት የድምፅ መመሳሰል መታወቅ አለበት። በአፋን ኦሮሞ «ዱላ» ተብሎ «ዱ» የሚለው ድምፅ ረዘም ሲል ፍቺው ዘመቻ ነው። «አባ ዱላ» ማለትም የዘመቻ መሪ፣ የጦር አበጋዝ ማለት ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግን ስሙን ሲሰማ «የዱላ ባለቤት» ብሎ ይፈታዋል። በአማርኛ የአናባቢ ማጠርና መርዘም የቃልን ፍቺ ስለማይለውጥ ጆሮው ልዩነቱን አይለይም፤ በአፋን ኦሮሞ ግን የአናባቢው ርዝመት ፍቺ ይለውጣል። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተማር ተማሪው የሁለቱን ቋንቋዎች የድምፅ ሥርዓት እንዲለይ ያስችለዋል።

5. ሲንቄ

በአርሲና በሌሎችም የኦሮሞ አካባቢዎች «ሲንቄ»፣ በቦረና ደግሞ «ሲቄ» የሚባለው ቀጭንና ቀጥ ያለ በትር የሴቶች ነው። ልጅቷ በምታገባበት ጊዜ ከእናቷ ትቀበለዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለትዳርነቷ፣ የክብሯና የመብቷ ምልክት ሆኖ ከእርሷ ጋር ይኖራል። ከብት አይነዳበትም፤ ሰውም አይመታበትም።

አገልግሎቱ ግን ከጌጥነት እጅግ ያለፈ ነው። በባህሉ መሠረት አንዲት ሴት በባሏ ወይም በሌላ ሰው በደል ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች። ይህ ጩኸት «ኢያ ሲንቄ» ይባላል። የሰሙት ሴቶች የቤት ሥራቸውን ትተው ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ፣ በሽማግሌዎች ፊት ካሳ ከፍሎና ይቅርታ ጠይቆ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። እንዲሁም በጎሳዎች ወይም በግለሰቦች መካከል ጠብ ሲነሣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ይቆማሉ። ይህንን ጥሶ ማለፍ ትልቅ ነውር ስለሆነ ጠበኞቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ። በዚህ ጊዜ በአንድ ቦታ ሁለት ዓይነት በትር ይታያል፤ በወንዶቹ እጅ ለመምታት የተነሣው ኡሌና በሴቶቹ እጅ ለማስታረቅ የቆመው ሲንቄ። በእንጨትነታቸው ወንድማማች የሆኑት እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሸነፈው ወፍራሙ ነው።

በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር በሚከበረው የኢሬቻ በዓል ሲንቄ የያዙ እናቶች ከፊት ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ቃሉም በከተማ ሕይወት ውስጥ አዲስ አገልግሎት አግኝቷል። ቀድሞ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረው ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ወደ ባንክነት ሲሸጋገር «ሲንቄ ባንክ» የሚል ስም ይዟል። በመሆኑም የአዳማ ሕፃን ይህን ቃል በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ ሳያነበው አይቀርም፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ማግኘቱ ግን በመምህሩ ላይ የወደቀ ነው።

6. የቅብብል ዱላ

በስፖርት ትምህርት «የዱላ ቅብብል» የሚባለው ውድድር ዱላ የሚለውን ቃል ከመምታት ፍቺው ያላቀቀ ብቸኛው የዘመናችን አገልግሎት ነው። በኦሊምፒክ ጨዋታዎች የወንዶች 4 በ100 እና 4 በ400 ሜትር ቅብብል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ሲሆን፣ የሴቶች 4 በ100 ሜትር እ.ኤ.አ. በ1928፣ 4 በ400 ሜትር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ገብቷል።

በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ዱላው ለስላሳ፣ ክብና ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከሌላ ጠንካራ ነገር በአንድ ወጥ ይሠራል። ርዝመቱ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ከ50 ግራም የማያንስ ነው። ትምህርት ቤቶች ይህን ለመግዛት አይቸገሩ፤ በልኩ የተቆረጠና ጫፉ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰ ቀርከሃ ወይም ባለ 40 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ለልምምድ ይበቃል።

ከደንቦቹ ውስጥ ሦስቱ ለሥነ ምግባር ትምህርት ጭምር የሚጠቅሙ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ርክክቡ በተወሰነ ቀጠና ውስጥ መፈጸም አለበት፤ በ4 በ100 ሜትር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቀጠና 30 ሜትር ነው። በቀጠናው ውስጥ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው በሯጮቹ አካል ወይም እግር ሳይሆን ዱላው ባለበት ቦታ ነው። ሁለተኛው፣ ርክክቡ የሚጀምረው ተቀባዩ ዱላውን በነካበት ቅጽበት ሲሆን፣ ተፈጸመ የሚባለው ዱላው በተቀባዩ እጅ ብቻ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሰዎች አብረው የሚይዙት አጭር ጊዜ አለ፤ አቀባዩ ቀድሞ ቢለቅ ይወድቃል፤ አልለቅም ቢል ደግሞ ሁለቱም ይዘገያሉ። ሦስተኛው፣ ዱላው ቢወድቅ ማንሣት ያለበት የጣለው ሰው ራሱ ነው።

ኢትዮጵያ በዓለም አደባባይ የታወቀችው ዱላ በማይያዝበት የረጅም ርቀት ሩጫ ነው። ቢሆንም ጋዜጠኞቻችን ስለዚሁ ሩጫ ሲናገሩ «ዱላውን ተቀበለ» ማለትን ያዘወትራሉ፤ አነጋገሩም ምክንያት አለው። በኦሊምፒክ 10 ሺሕ ሜትር ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1996 እና በ2000፣ ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እና በ2008 አሸንፈዋል። በሴቶችም ደራርቱ ቱሉ በ1992 እና በ2000፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 እና በ2012 የወርቅ ሜዳልያ አግኝተዋል። ከእነዚህ መካከል ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከስምጥ ሸለቆው በላይ በአርሲ ደጋ ከምትገኘው ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው። በበቆጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሦስቱንም በልጅነታቸው ካሠለጠኑት አንዱ ናቸው። የሚታይ ዱላ ባይኖርም ማቀበሉ እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ አቀባዩም መምህር ነበሩ።

7. በመምህሩ እጅ ያለው ዱላ

እስካሁን የተዘረዘሩትን ሁሉ ትተን በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ «ዱላ» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስታውስ አንድ ተማሪ ብንጠይቅ መልሱ ቦኩ ወይም ሲንቄ እንደማይሆን የታወቀ ነው። ልጅን ለመምህር ሲያስረክቡ የመቅጣትን ፈቃድ አብሮ ማስረከብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነበር። ልማዱ በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ሳይቀር ተከትሎ ገብቷል።

በሕግ በኩል ጉዳዩ ያለቀ ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ተቀብላለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1(ሠ) ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ አርጩሜም ሆነ ልምጭ፣ ቀጭን ነው ተብሎ ወይም ለጥቅሙ ነው ተብሎ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስፍራ የለውም።

ይሁን እንጂ ልማድ በአንቀጽ ብቻ አይለወጥም። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ጸጥታ በአንድ ጊዜ ማግኘት የሚፈልግ መምህር ወደ አርጩሜ ቢያይ ምክንያቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መታወቅ ያለበት ግን የሚገኘው ጸጥታ በምን ዋጋ እንደሚገኝ ነው። መመታት የሚፈራ ተማሪ በቅድሚያ የሚማረው ስሕተቱን መሸሸግ ነው፤ የማያውቀውን አይጠይቅም፤ በጥርጣሬ ያለበትን መልስ አይናገርም። መምህሩ ደግሞ ያላየውን ስሕተት ሊያርም አይችልም። ስለዚህ አርጩሜው የተማሪውን ጀርባ ብቻ ሳይሆን የመምህሩንም ሥራ ይጎዳል።

በዚህ ረገድ «ባህላችን ነው» የሚለው መከራከሪያ ከላይ ባየነው ማስረጃ ፊት የሚጸና አይደለም። በአካባቢው ባህል ከፍተኛ ክብር ያላቸው በትሮች ቦኩና ሲንቄ ናቸው፤ የሁለቱም መለያ አለመምታታቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን መቋሚያው የሚመራው ዜማን ነው። የአዛውንቱ ከዘራ የሚደግፈው ባለቤቱን ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ክብር የተሰጠው በትር የሚደግፈው፣ የሚመራው፣ የሚያስታርቀውና የሚተላለፈው ነው፤ ለመምታት ብቻ የሚቆረጠው አርጩሜ ግን ተጠቅመው የሚጥሉት እንጂ ለልጅ የሚያወርሱት አይደለም። ባህልን እጠብቃለሁ የሚል መምህር ከእነዚህ ሁሉ መካከል የክብር ታሪክ የሌለውን ብቻ መርጦ መያዙን ሊያስተውል ይገባል።

8. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የቀረቡ ሐሳቦች

ከላይ በቀረበው ማብራሪያ ላይ በመመርኮዝ የሚከተሉትን ሐሳቦች ማቅረብ ይቻላል።

ሀ. የቋንቋ መምህራን ተማሪዎቻቸው በየቤታቸው የሚገኙትን የበትር ዓይነቶች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስማቸው ጽፈው እንዲያመጡ ቢያዙ፣ እያንዳንዱንም «የማን ነው? ለምን ይያዛል? ምን አይደረግበትም?» በሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ቢያብራሩ፣ ከአንድ ክፍል ብቻ በርካታ ቃላት ይሰበሰባሉ። በመተሐራ አካባቢ የከረዩ አርብቶ አደር ልጆች የሚያመጡት ዝርዝር ከአዳማ ከተማ ልጆች ዝርዝር የተለየ ስለሚሆን ሁለቱን ማነጻጸር ጠቃሚ ይሆናል።

ለ. የሒሳብ መምህራን የ8 ዓመቱን የገዳ ዘመንና የ40 ዓመቱን ዙር ለብዜትና ለቅሪት ስሌት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የዛሬው የገዳ ቡድን እንደገና ተራው የሚደርሰው መቼ ነው? የአባቱ ቡድን በሥልጣን ላይ ሳለ 3 ዓመት የነበረው ልጅ ያ ቡድን ሲመለስ ስንት ዓመት ይሆነዋል? የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው ከተማሪው ሕይወት የራቀ አይደለም።

ሐ. የስፖርት መምህራን ቅብብልን ሲያስተምሩ ከፍጥነት ይልቅ በርክክቡ ላይ ቢያተኩሩ ይመረጣል። በርክክቡ የተካነ ቡድን ከእርሱ የፈጠኑ ሯጮች ያሉትን ቡድን ሊቀድም ስለሚችል፣ ደካማ የሚመስለው ተማሪም ለቡድኑ እንደሚያስፈልግ በተግባር ይታያል።

መ. የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች «ዱላ» የሚለውን ቃል ከማስፈራቸው በፊት አገልግሎቱን ይመርምሩ። ለሥልጣን ምልክት በትር፣ ለሙዚቃ መሪና ለሥዕላዊ መስመር ዘንግ፣ ለድጋፍ ምርኩዝ፣ ለፀጥታ ኃይል ቆመጥ፣ ለሩጫ የቅብብል ዱላ ማለት ይበቃል። ቦኩና ሲንቄ ግን ሳይተረጎሙ በስማቸው ተጠቅሰው ማብራሪያ ቢጨመርላቸው የተሻለ ነው፤ «የሴቶች ዱላ» ብሎ ሲንቄን መተርጎም ፍቺውን ገልብጦ ማቅረብ ይሆናልና።

ሠ. የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን የሥነ ሥርዓት ደንብ ሲያዘጋጁ በአካባቢው ካሉት የሽምግልናና የሲንቄ ባህሎች አንድ ነገር ሊወስዱ ይችላሉ። ይኸውም አጥፊው ጥፋቱን በሌሎች ፊት እንዲያምን፣ የተበደለው እንዲካስና ነገሩ በእርቅ እንዲዘጋ የሚያደርገው አካሄድ ነው። ከግርፋት ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ተማሪው የበደለው ማንን እንደሆነ አውቆ ይወጣል።

9. ማጠቃለያ

«ዱላ» አንድ ቃል ቢመስልም በያዡ እጅ፣ በአያያዙና በአገልግሎቱ የሚለያዩ የብዙ ነገሮች መጠሪያ ነው። አማርኛ እነዚህን ለመለየት ከአሥር የማያንሱ ስሞች አሉት፤ አፋን ኦሮሞም ቦኩንና ሲንቄን የመሳሰሉ ታላላቅ ተቋሞች የቆሙባቸው የራሱ ስሞች አሉት። የአዳማና የአካባቢው ተማሪ የሁለቱም ወራሽ ነው። ይህን ሀብት የማስረከቡ ኃላፊነት ከማንም በፊት በመምህሩ ላይ ይወድቃል፤ ለማስረከብ ደግሞ በቅድሚያ እጅን ከአርጩሜ ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል።